ጋሽ ሸዋ ጫማ ሲገለብጡ

የጋሽ ሸዋንግዛውን ሞት የሰማሁት ጫማ ቤት ውስጥ፣ አንድ የተማሪ ጫማ በሁለት እጄ ይዤ እንደ ታጠበ ልብስ ስጠመዝዝ ነው። ባለሱቁ አየት አደረገኝና «ጋሽ ሸዋ ናቸው ያስተማሩዎት?» አለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጫማ ከመግዛቱ በፊት የሚጠመዝዝ ሰው ካያችሁ፣ እሳቸው ጋ ያለፈ ነው። አዎ አልኩት። ትናንት ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም ነገ ስድስት ሰዓት መሆኑን ነገረኝ። ጫማውን ወደ መደርደሪያው መለስኩት፤ ሶሉን ወደ ላይ አድርጌ ገልብጬ ነው የመለስኩት። እሳቸው ጫማ የሚያስቀምጡት እንደዚያ ነበር። ባለሱቁም አላስተካከለውም።

ጋሽ ሸዋ ጫማ ሰሪ ነበሩ። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ወደ ታች ሲሄዱ የምትገኝ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ገና ከሩቁ ማስቲሽ ማስቲሽ ትሸታለች። የአንኮበር ሰው ናቸው። ስለ አገራቸው ሲጠየቁ «አንኮበር ሜዳ የለም። ወይ ትወጫለሽ ወይ ትወርጃለሽ። እግር ምን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ሰውን በፊቱ አያውቁትም። ላጋንን ብዬ አይደለም። ለአራት ወር ተመላልሼባቸው፣ አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ መንገድ ላይ ሰላም ብላቸው፣ እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለውኝ አለፉ። ደሜ ፈላ። በማግስቱ አሮጌውን አድርጌ ሱቃቸው ስሄድ ግን ከዱካቸው ተነስተው «የት ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ። ትናንት ተገናኝተን ነበር እኮ ብላቸው አጎንብሰው ጫማዬን አዩና፣ ይሄ ጫማ ትናንት አልወጣም ብለው ተከራከሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልወጣም ነበር።

እኔ ከአዳማ ተመድቤ የመጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የዚህን አገር ብርድ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፣ እንድለምደውም ማንም እንዳይመክረኝ። ባለቤቴ ደረጀ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ የሰላ ድንጋይ ልጅ። ሴት ልጃችን ሶስና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። እግሯ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከኋላዋ ሆናችሁ ስታዩዋት ቁርጭምጭሚቶቿ ምስጢር ሊነጋገሩ የተጠጋጉ ይመስላሉ። ጫማዋ በውስጥ በኩል ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቃል፤ ትንሽ ከሄደች ደግሞ እግሬን አመመኝ ብላ ትቀመጣለች።

የመጣው መጣ ያሰኘን የዚያ ዓመት ጥምቀት ነው። ሶስና በሰንበት ትምህርት ቤት ከሚዘምሩት ሕፃናት አንዷ ነበረች። ከተራ ዕለት ነጭ ለብሳ፣ ከጓደኞቿ ጋር ከታቦቱ ፊት እየዘመረች ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ጉዞ ጀመረች። መንገዱ ሳይጋመስ አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብላ ቁጭ አለች። ደረጀ ትከሻው ላይ አድርጎ ተሸከማት። እሷ እዚያ ላይ ሆና ታለቅሳለች፣ ልጆቹ ከሥር «ታቦቱ በካህን፣ ሶሲ በአባቷ» እያሉ ይስቃሉ። ቤት ስንገባ እንባዋን በነጭ ቀሚሷ ጠርጋ፣ ለሚቀጥለው ጥምቀት ደርሶ መልሱን በራሴ እግር ነው የምሄደው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ወሬ ሌላ አልነበረም።

አማቴ እማማ ጥሩነሽ ከሰላ ድንጋይ ሊጠይቁን መጥተው የልጅቷን አረማመድ አዩ። ደጋግመው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ እግር የለም» አሉ። የእሳቸውስ ይሁን፣ እኔን ያናደደኝ የደረጀ ዝም ማለት ነው። እንዴት አንድ ቃል አይተነፍስም? ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። የልጄን እግር ያበላሸሁት እኔ ብሆንስ? ልብስ ሳጥብ፣ ፋይል ስደረድር ይኸው ነበር የሚመላለስብኝ።

ሐኪም ጋ ወሰድናት። እግሯ ለስላሳ ነው እንጂ በሽታ የለባትም፣ ጠንካራ ጫማና ደጋፊ የውስጥ ሶል ፈልጉላት አለን። ፈልጉ ማለት ቀላል ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ እንደ ጄሊ የሚለሰልስ ሶል ላከችልን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አጎቱ አድርጎት የማያውቀውን፣ መሃሉ እንደ ጉብታ ያበጠ ጠንካራ ፕላስቲክ ሰጠኝ። ደረጀ ደግሞ መካኒክ አይደል፣ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ የራሱን ፈለሰፈ። እኔም በኩሌ ያድግላታል ብዬ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዛሁና ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቀጠቅኩበት። ልጅቷ ባሰባት። በመጨረሻ ኅዳር ላይ፣ ጥምቀት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሁሉንም በፌስታል ይዘን ሦስታችንም ጋሽ ሸዋ ሱቅ ደጃፍ ቆምን።

እኛን ቀና ብለው አላዩንም። ሶስናን ብቻ ጫማሽን አውልቂ አሏት። ተቀበሉና ገለበጡት፤ ሶሉን ለረጅም ጊዜ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ውስጥ ከትተው ጥጡን ሲያወጡ፣ ሲያወጡ፣ ሲያወጡ እኔ ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

«ይሄን ማን ገዛ?»

ያድግላታል ብዬ ነው አልኩ።

«ልጅ ጫማ ውስጥ አታድግም። የምታድገው አልጋዋ ላይ ነው። ጫማው ዛሬ ይሁናት።»

ከዚያ ጫማውን በሁለት እጃቸው ጠመዘዙት። እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ። የኋላውን፣ ተረከዝ የሚያቅፈውን በሁለት ጣት ጨመቁት፤ እሱም ተጣበቀ። መጀመሪያ ጫማው ራሱ መቆም አለበት፣ እንዲህ የሚተኛ ጫማ ውስጥ የወርቅም ሶል ቢገባ ዋጋ የለውም ብለው ወደ ጎን ወረወሩት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ጋ ብቻ ነው፤ መሃሉ ከታጠፈ ወይም ከተጠመዘዘ ለዚህች ልጅ አይሆንም።

ቀጥለው በፌስታል ያመጣናቸውን ደረደሩ። ጄሊውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ጣታቸው ሰጠመ። ይሄ ፍራሽ ነው፣ እግሯ ሊሄድ እንጂ ሊተኛ አልመጣም አሉ። ጉብታ ያለውን ሶስናን አስረገጧትና ፊቷን ሳይሆን ጣቶቿን አዩ፤ ጣቶቿ ተኮማተሩ። የሚያም ድጋፍ ድጋፍ አይደለም ብለው አነሱት። ስፖንጁ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱንም አንስተው አስተያዩ፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ሁለቱም የቀኝ እግር። የማን ሥራ ነው ብለው ጠየቁ። ደረጀ ውጭ የቆመ ባጃጅ ማየት ጀመረ።

ሶስናን በእግር ጣቶችሽ ብቻ ቁሚ አሏት። ቆመች። እሳቸው መሬት ላይ በደረታቸው ሊተኙ ትንሽ እስኪቀራቸው አጎንብሰው የውስጥ እግሯን አዩ። ቆማ ሳለች ጠፍጣፋ የነበረው እግር፣ በጣቶቿ ስትቆም መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ወጣ። «አለ» አሉ፣ የጠፋ በግ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በርቶ። «ተኝቶ ነው እንጂ አለ። ባይወጣ ኖሮ ወደ ሐኪም ነበር የምመልስሽ። አጥንት የእኔ ሥራ አይደለም።»

እዚህ ላይ አፌ አላርፍ አለኝ። ከየት ዘር እንደመጣ ማወቅ ይቻል ይሆን ጋሽ ሸዋ ብዬ ጠየቅኩ። ደረጀ በክርኑ ጎሸመኝ። ጋሽ ሸዋ መልስ ሳይሰጡ ጀሪካን አወጡና ሶስናን እግሯን አርጥበው ደጃፋቸው ያለው ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አስረገጧት። ሙሉ እግር ታተመ፤ መሃሉ ክፍተት የሚባል የለውም። ከዚያ ወደ ደረጀ ጫማ አየት አደረጉና አውልቅ አሉት። የኅዳር ጠዋት፣ የደብረ ብርሃን ውሃ! ባለቤቴ እግሩ ላይ ሲፈስበት ያወጣውን ድምፅ የባጃጁ ሹፌር ዞሮ አየው። ሲሚንቶውን ረገጠ። የታተመው እግር አይደለም፣ ጡብ ነው። ሶስና ሮጣ ከአባቷ ኮቴ አጠገብ የራሷን እንደገና አተመችና «አባዬ፣ አንድ ነን!» ብላ ጨፈረች።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደረጀ ካልሲውን እያጠለቀ «እሷም ትርገጥ እንጂ ታዲያ» አለ። ጋሽ ሸዋ አጎንብሰው የእኔን ጫማ አዩት። ከዚያ የጀሪካኑን ክዳን ጥብቅ አድርገው ዘጉ።

«ውሃው አልቋል።»

ደረጀ ግማሽ አለው እኮ ሊል ጀመረ። ጋሽ ሸዋ አቋረጡት። «ልጅቷ መሄድ ፈልጋ ነው የመጣችው። እኔ እግር አያለሁ እንጂ ክስ አላይም።» ጀሪካኑን ወደ ውስጥ አስገቡት። እኔ ምን ገዶኝ! የዚያኑ ዕለት ሰላ ድንጋይ ደውዬ፣ የጡቡን ወሬ ለእማማ ጥሩነሽ ከነዝርዝሩ አደረስኩ። እሳቸውም አባቱ ነው፣ በእኔ ወገን እንዲህ ያለ የለም አሉ፤ ነፍሱን ይማረውና ሟች አማቴ ላይ አላከኩት።

በሳምንቱ በልኳ የሆነ፣ ቢጠመዝዙት እምቢ የሚል ጫማ ይዘን ተመለስን። ጋሽ ሸዋ ጫማው ይዞት የመጣውን ስስ ሶል መጀመሪያ ነቅለው አወጡ፤ ሁለት ሶል ከተደራረበ ተረከዟ ከጫማው ይወጣል። ከሣጥናቸው ሦስት ዓይነት ሶል አውጥተው አንድ በአንድ ሞከሩላት። የመረጡት ተረከዝ የሚያቅፍ ትንሽ ጎድጓዳ ያለው፣ በውስጥ በኩል ዝቅ ያለ ድጋፍ ያለው፣ አውራ ጣት ሲጫነው የማይሰጥም፣ ግን ድንጋይም ያልሆነ ነበር። ጫፉን በቢላ አስተካከሉት። የቱ ይሻላል ብለው የጠየቁት እኛን ሳይሆን ሶስናን ነው። እኔ ልመልስ ስል አንቺ ጫማው ውስጥ አለሽ ወይ አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ታድርገው፣ በማግስቱ ሁለት፣ እያለ ይቀጥል፤ እግሯ ላይ ቀይ ምልክት ካያችሁ እኔ ጋ አምጡት እንጂ ይለምዳታል እንዳትሉ ብለው አስጠነቀቁን።

አሁን ደግሞ የእሳቸውን ጉድ ልንገራችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነክታ በር ላይ ትፈለጊያለሽ አለችኝ። ደንግጬ ወጣሁ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። እንደሚታወቀው ጫማችንን ደጅ ነው የምናወልቀው፣ ያን ሰሞን ደግሞ ጫማ ሌባ አስቸግሮ ነበር። ዘበኛው ባሻ በቀለ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ይዘውታል። ሌባው ጋሽ ሸዋ ናቸው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በግራ እጃቸው የሶስናን አንድ ጫማ፣ በቀኝ ሌላውን ይዘው፣ ሶሉን ገልብጠው እያዩ ነው። የጫማው እናት እሷ ናት፣ ጠይቋት ብለዋል።

የእኛ ጫማ ሰሪ ናቸው አልኩ፣ እያፈርኩ። ባሻ በቀለ አላመኑም። ጫማ ሰሪ ከሆኑ ሱቃቸው አያዩም ወይ፣ ሰው ሲያስቀድስ ምን አስነካቸው አሉ። ጋሽ ሸዋ ቅንጣት አልተደናገጡም። ልጅ ሱቅ ውስጥ ስትራመድ ለእኔ ደስ እንዲለኝ አሳምራ ነው የምትራመደው፣ የልቧን የሚናገረው ሶሉ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚገኘው እዚህ ነው አሉ። ይኸው ተረከዙ እኩል ማለቅ ጀምሯል ብለው ለሕዝቡ አሳዩ። ከዚያ ጫማውን አስቀምጠው የባሻ በቀለን ቡትስ ቁልቁል አዩት።

«ግራህ ወደ ውጭ አልቋል። ወገብህን በግራ በኩል አያምህም?»

ባሻ በቀለ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ቀስ ብለው «በተለይ ጠዋት ጠዋት» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ሌባ ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ጫማውን እየፈለገ መሰለፍ ጀመረ፤ አንድ ዲያቆን ወጥቶ ቅዳሴው አልተፈጸመም እኮ ብሎ ተቆጥቶ ነው የበተነን። ከዚያ እሑድ ወዲህ ባሻ በቀለና ጋሽ ሸዋ አይለያዩም ነበር።

ከተራ ደረሰ። ሶስና ከጠዋት ጀምሮ አልቀመጥ ብላ ቤቱን ስትዞረው ዋለች፣ እኔ ደግሞ ከእሷ ብሼ ነበር። ነጭ ቀሚስ፣ ከሥሩ ያ እምቢ ባይ ጫማ። ታቦቱ ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ልጆቹ ዘመሩ። እኔ ከጎን ከጎኗ እየተጋፋሁ ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነበር የማየው። ባለፈው ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ ደረስን። አስፋልቱን አየችው። ቀና አለችና አለፈችው። ደረጀ ከኋላዬ ሆኖ እንዳላየው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ ሄደች። በማግስቱም እየዘመረች በእግሯ ተመለሰች፤ ያቺ «ሶሲ በአባቷ» ስትል የነበረች ልጅ ጫማዋ ተበጥሶ በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ሶሲ አልሳቀችባትም። እኔ ግን ትንሽ ስቄያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያልሆነው ለእኔ ነው። ስንመለስ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ ነደደና አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሸዋ ከሽማግሌዎች ጋር ሲያልፉ አዩኝ፤ ማለቴ ጫማዬን አዩት። ቀን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው እንዲህ ነው አልኳቸው፣ ሳልጠየቅ። እሳቸው «ስፌቱ ለቋል፣ ነገ አምጪልኝ» ብቻ ብለው አለፉ። ስፌቱ ምንም አልሆነም ነበር። ቢሆንም ሰጠኋቸው፣ ሰፍተው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የገዛሁትን ጫማ ሁሉ አንዴ ስፌቱ ለቋል፣ አንዴ ማስቲሹ አልያዘም እያሉ ይቀበሉኝ ነበር። የሽማግሌ ነገር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ። እግሬ ደግሞ ብርዱን የለመደው መስሎኝ ነበር፣ ማመሙን ተወ።

ሶስና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት በጣቶቿ አስቁመው፣ አስሂደው፣ ሶሏን ገልብጠው ካዩ በኋላ ድጋፉን ራሳቸው አወጡት። ይበቃታል፣ ነቅቷል አሉ። ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ስትሮጥ ቀስ በይ የምንላት እኛ ነን።

በቀብራቸው ዕለት ሦስታችንም ሄድን። ፍትሐቱ ሲፈጸም አስከሬኑ ቀድሞ ወጣ፣ እኛም እያለቀስን ወጥተን ጫማችንን መፈለግ ያዝን። የደረጀም የሶስናም ተገኘ፤ የእኔ የለም። ዞር ስል ባሻ በቀለ በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ በሁለት እጃቸው የእኔን ጫማ ገልብጠው ሶሉን እያዩ ነው።

«ቀኝሽ በውስጥ በኩል ተበልቷል፣ ልጄ» አሉኝ። «እንግዲህ ማን ይሠራልሻል?»

ደረጀ ከአጠገቤ ቆሞ ሰማ። ጫማውን ከባሻ እጅ ተቀበለና የመካኒክ ጣቱን ከቶ የውስጡን ሶል ብድግ አደረገው። ከሥሩ፣ በውስጥ በኩል፣ እንደ ወረቀት የሳሳች ቆዳ በሦስት ድርብ ተደርባ፣ ጠርዟ በቢላ ተልጎ፣ በጥንቃቄ ተለጥፋለች። ግራውን አየ፤ እሱም ውስጥ አለች። ለስምንት ዓመት የረገጥኩት እሷን ነው። ስፌት አልለቀቀም፣ ማስቲሽም አልከዳም፣ እግሬም ብርድ አልለመደም።

ሶስና በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። እኔም ራሴን አልለየሁም። ደረጀ ጫማዬን አቀናና እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። እናቱን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳም።

«ያን ቀን ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«ግማሽ ድረስ» አልኩት። ጫማዬን አጠለቅኩና አስከሬኑን ተከትለን ጋሽ ሸዋን ለመቅበር ሄድን።